ቤት አፍርሶ በመሥራት ሒሳብ ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ቤታቸውን አፍርሰው ሊሠሩ ያሰቡ ሰዎች ሒሳባቸውን በደብተር ይዘው ይመጡልኛል። ደብተሩ ላይ ሁልጊዜ አንድ መስመር ይጎድላል፦ የአሮጌው ቤት ዋጋ። «ቤቱ የራሴ ስለሆነ ወጪዬ ግንባታው ብቻ ነው» ይላሉ። ስንት ጊዜ ልናገር! ለምሳሌ አሮጌው ቤት እንዳለ በ100 የሚሸጥ ከሆነ፣ ባፈረሳችሁት ዕለት 100 አወጣችሁ ማለት ነው። ግንባታው 80 ፈጅቶ አዲሱ ቤት በ170 ቢሸጥ ደብተሩ 90 ትርፍ ያሳያል፤ እውነቱ ግን የ10 ኪሳራ ነው። ይህን ስነግራቸው የሚቆጡኝ አሉ። ከፈረሰ በኋላ ከሚያለቅሱ አሁን ቢቆጡኝ ይሻለኛል።

ጊዜንም በነፃ ይቆጥሩታል። በዓመት 12 በመቶ ወለድ 100 የተበደረ ሰው ሥራው በዘገየ ቁጥር በየወሩ 1 ይከፍላል። ቤተሰቡ ተከራይቶ የሚቆይበት ቤት ኪራይ ደግሞ በዚያ ላይ ይደመራል። ስለዚህ የግንባታ ፈቃድ እጃችሁ ሳይገባ አንዲት ቆርቆሮ እንዳትነቅሉ። እኔ በመጀመሪያ ሥራዬ ቸኩዬ አፈረስኩ። ፈቃዱ ሲመጣ ከአጥር እንድንርቅ የታዘዝነው ርቀት አሮጌው ቤት ከነበረበት ይበልጥ ነበር፤ አንድ መኝታ ክፍል ከፕላኑ ወጣ። ባለቤቲቱ ክፍሉ የነበረበት ቦታ ላይ ቆማ መሬቱን ስታይ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለች።

ለአፈር መጫኛ ስትመድቡ የጉድጓዱን ልክ ብቻ አትያዙ። አፈር ሲቆፈር እንደ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ ያብጣል፤ መኪናው የሚጭነው ያበጠውን ነው።

አሮጌው ጣሪያ አስቤስቶስ (ቀድሞ በጣሪያ ክዳን ውስጥ ይገባ የነበረ ቃጫማ ማዕድን) ካለበት በመዶሻ አይነካ። ብናኙ ካንሰር ያመጣል፤ የሠለጠነ ባለሙያ ያንሳው፣ ክፍያውም ከመጀመሪያው ይታሰብ።

ከማፍረሳችሁ በፊት የጎረቤትን ግድግዳ ራሱ ጎረቤት ባለበት ፎቶ አንሡ። በአንድ ሥራችን የጎረቤት ግድግዳ ላይ ከመስኮት ጥግ እስከ ወለል የወረደች፣ ከክር የማትሰፋ ስንጥቅ ነበረች፤ ከእኛ በፊት መኖሯን ማሳየት ስላልቻልን ግድግዳውን በሙሉ አደስን።

ወለዱ ያስጨነቀው ባለቤት ደግሞ «የኮንክሪት ጣሪያውን ድጋፍ ኮንክሪቱ በተሞላ በሳምንቱ እናንሣ» ይለኛል። ጭንቀቱ ይገባኛል። ነገር ግን የኮንክሪት ጥንካሬ የሚሰላው በ28ኛው ቀን በሚደርስበት ልክ ነው፤ መሐንዲሱ ሳይፈቅድ ድጋፍ አላነሣም። ያንን የአንድ ወር ወለድ መጀመሪያውኑ ደብተሩ ላይ ጻፉት።