ብሎኬቱ ጠፋ፣ ቀፎው ፈረሰ፦ «የሕይወት ጨዋታ» ሲበላሽ ጥፋቱ የት እንዳለ ማግኛ

ደሴ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት የሒሳብ ክበብ ልጆችን አስተምራለሁ። መብራት ሲጠፋ ፕሮግራም የምንጽፍባቸው ኮምፒውተሮች ይዘጋሉ፤ እኛ ግን ባለ ካሬ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ሽምብራ እናወጣለን። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆን ኮንዌይ የፈለሰፈውና እ.ኤ.አ. በ1970 ማርቲን ጋርድነር በ«ሳይንቲፊክ አሜሪካን» መጽሔት ዓምዱ ያስተዋወቀው «የሕይወት ጨዋታ» በሽምብራም ይሠራል፤ በሽምብራም ይበላሻል።

ሕጉ አጭር ነው። እያንዳንዱ ካሬ 8 ጎረቤቶች አሉት፤ 4ቱ ጎን ለጎንና ከላይ ከታች፣ 4ቱ በማዕዘን። ሽምብራ ያለበት ካሬ 2 ወይም 3 ጎረቤቶቹ ሽምብራ ከያዙ ይቆያል፤ ካነሱ ወይም ከበዙ ሽምብራው ይነሣል። ባዶ ካሬ ልክ 3 ሽምብራ ከከበበው አዲስ ይቀመጥበታል። ይህ በሰሌዳው ሁሉ ላይ በአንድ ጊዜ ሲደረግ አንድ ዙር ይባላል።

ጀማሪ የሚፈተንባቸው ሁለት ቅርጾች አሉ። አንዱ 2 በ2 ሆነው የተገጠሙ 4 ሽምብራዎች ናቸው፤ ልጆቹ «ብሎኬት» ይሉታል። እያንዳንዷ ሽምብራ 3 ጎረቤት አላት፤ በዙሪያው ያለ ባዶ ካሬ ደግሞ ቢበዛ 2 ያገኛል። ሁለተኛው «ቀፎ» ነው፦ ከላይ 2፣ ከታች 2፣ በግራና በቀኝ ጫፍ አንድ አንድ፣ መሃሉ ላይ 2 ባዶ ካሬ። ሁለቱም እስከ ወዲያኛው ባሉበት መቀመጥ አለባቸው። ካልተቀመጡ ጥፋቱ የቆጣሪው ነው።

ብሎኬቱ በአንድ ዙር ድራሹ ይጠፋል፤ ቀፎው ግን እንዳለ ነው

ከሐይቅ ከተማ የምትመጣ ተማሪ «መምህር፣ ቀፎው ሳይነካ ብሎኬቱ ብቻ እንዴት ይጠፋል?» አለችኝ። «እስቲ የአንዷን ጎረቤቶች ቁጠሪልኝ» አልኳት። ጣቷ መጀመሪያ ያረፈው ራሷ ሽምብራዋ ላይ ነበር፤ ከዚያ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ካሬው ራሱን ጎረቤት አድርጎ ቆጥሯል። የቅሬ (የዕድር) ጎረቤቶችህ ስንት ናቸው ቢባል ራሱን የሚጨምር ሰው የለም። በብሎኬቱ ላይ 3 የነበረው 4 ይሆንና አራቱም ይነሣሉ። በቀፎው ላይ የእያንዳንዷ 2 ጎረቤት 3 ይሆናል፤ 3 ደግሞ ስለሚያኖር ስሕተቱ አይታይም። በፕሮግራሙ ውስጥ የመስመሩም የዓምዱም ልዩነት ዜሮ የሆነበትን ካሬ ዝለሉ። በወረቀት ላይ ሽምብራዋን በግራ እጅ ጣት ሸፍኖ መቁጠር ይበቃል።

ብሎኬቱ ይቆያል፤ ቀፎው 2 ሽምብራ ሆኖ በቀጣዩ ዙር ይጠፋል

የማዕዘኖቹ ጎረቤቶች ተረስተዋል። በ4 ጎረቤት ብቻ ሲቆጠር የብሎኬቱ ሽምብራዎች 2 2 ስለሚያገኙ ምንም አይሆኑም። የቀፎው ስድስቱም ይነሡና መሃል ያሉት 2 ባዶ ካሬዎች 3 3 ቆጥረው ይሞላሉ፤ እነሱም ቀጥለው ይጠፋሉ። ስምንቱንም ቁጠሩ። ዳማ የሚጫወት ልጅ ማዕዘን ሲረሳ አይቼ አላውቅም።

ሁሉም ረጭ ብሎ ተቀምጧል፤ እኔ ግን አላምነውም

ከሁሉም የሚያስቸግረው ይህ ነው፤ ምልክት የለውማ። ብሎኬቱ ጸንቷል፣ ቀፎው ጸንቷል፣ ልጁ «ጨረስኩ» ብሎ ሊነሣ ነው። ቁጭ በል እለውና 3 ሽምብራ በአግድም አስደረድረዋለሁ። ትክክለኛ ጨዋታ በቀጣዩ ዙር ሦስቱን ወደ ቁም ያዞራቸዋል፤ ከዚያ መልሶ ወደ አግድም። የእሱ ግን 4 ሆኖ ወጣ።

ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ እያነበበ ያገኘውን ወዲያው ይለውጣል። ከመካከለኛዋ ሽምብራ በላይ ያለው ካሬ 3 ጎረቤት ስላለው ሞላው፤ ልክ ነው። ከእሱ በስተቀኝ ያለው ካሬ ግን በእውነት የነበረው 2 ነው። አሁን የተቀመጠችው ሽምብራ ሦስተኛ ሆና ተቆጠረችለትና እሱም ተሞላ። ያልተወለደ ልጅ ምስክር ሆኖ እንደ መቅረብ ነው። ብሎኬትና ቀፎ ይህን አያጋልጡም፤ በእነሱ ላይ ምንም ስለማይለወጥ የንባቡ ቅደም ተከተል ለውጥ አያመጣም። የማይነቃነቅ ቅርጽ ብቻ ይዞ ፕሮግራሙን ደህና ነው ያለ ሰው አልፈተነውም ማለት ነው።

ሁለት ሰሌዳ ያዙ፤ ከአሮጌው እያነበባችሁ በአዲሱ ላይ ጻፉ፤ ሲያልቅ ቀይሯቸው። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የምትጽፉ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለባችሁ፦ አዲሱን ከአሮጌው ጋር በእኩል ይሆናል ምልክት ብቻ ማያያዝ ለአንድ ሰሌዳ ሁለት ስም መስጠት ነው። የውጪውን ዝርዝር ብቻ መቅዳትም አያድንም፤ ውስጥ ያሉት መስመሮች የጋራ ሆነው ይቀራሉ። እያንዳንዱን መስመር ለየብቻ ቅዱ። በጠረጴዛው ላይ እኛ ለሚወለደው ካሬ ምስር፣ ለሚነሣው ስንዴ እናስቀምጣለን፤ ሰሌዳው ተነብቦ ሳያልቅ ሽምብራ የሚነካ የለም።

ሁለት ብሎኬቶች አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጡ ይፈርሳሉ

አንድ ዓምድ ለይቷቸው ትይዩ ከሆኑ አይፈርሱም፤ መሃል ያሉት ሁለት ባዶ ካሬዎች 4 4 ይቆጥራሉ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ በመስኮት ገብቶ አንደኛውን በአንድ ካሬ ወደ ታች ሲገፋው ግን ከመሃሉ ካሬዎች ሁለቱ 3 3 ያገኛሉ፤ ሽምብራ ይበቅልና ነገር ይጀመራል። ትይዩነታቸውን ጠብቁ፤ ወይም በሁለት ባዶ ዓምድ አራርቋቸው።

ማንም ያልሠራው ብሎኬት ዳር ላይ ተገኘ

በሰያፍ የምትጓዘው ባለ 5 ሽምብራ ቅርጽ ከሰሌዳው ጠርዝ ጋር ተጋጭታ ነው። ከጠርዙ ውጪ ያለውን ሁሉ ባዶ የሚያደርግ ፕሮግራም ብሎኬት አድርጎ ያስቀራታል። ስሕተት አይደለም፤ ሰሌዳው ጠብቧል። አስፉት፤ ወይም ግራውን ከቀኝ፣ ላዩን ከታች አያይዙት።

ሽምብራ ጎደለ

ተበልቷል። የተቆላውን ያመጣሁ ቀን «መምህር፣ አንዷን በላኋት» ያለኝ ልጅ ቢያንስ እውነተኛ ነው። ከብሎኬቱ ከሆነ አትጨነቁ፤ የቀሩት ሦስቱ በቀጣዩ ዙር አራተኛዋን ይመልሷታል። ከቀፎው ጫፍ ከሆነ በመጀመሪያው ዙር 3፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው ምንም አይቀርም። ከዚያ ወዲህ ቀፎ የምንሠራው በጥሬ ሽምብራ ብቻ ነው።