በልብስ ላይ ጌጥ ሲያትሙና ሲያቀልሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር በሚገኘው ቤቴ የታንኳ፣ የደንገልና የጣና ወፎችን ቅርጽ በነጠላና በቲሸርት ላይ ማተም ከጀመርሁ ወዲህ ከጎረቤትም ከዘመድም አዘውትሬ የምሰማው ቅሬታ «ቀለሙ ለቀቀ» የሚል ነው። የተበላሸውን ልብስ ተቀብዬ ስመረምረው ግን ጥፋቱ የቀለሙ ሆኖ የማገኘው ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛው ልብስ የሚበላሸው ማኅተሙ ጨርቁን ከመንካቱ በፊት ወይም ከነካው በኋላ በሚሠራ ስህተት ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ ከሚጨነቅበት ከማተሙ ቅጽበት ይልቅ ስለ ዝግጅቱና ስለ ማጠናቀቂያው በሰፊው እጽፋለሁ።

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት አዲስ ጨርቅን ሳያጥቡ ማተም ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ በከተማችን በተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠራ ዘመድ ያለው ሰው ምክንያቱን ጠይቆ ሊረዳ ይችላል፤ የድር ክር በሽመና ማሽን ላይ እንዳይበጠስ አስቀድሞ ስታርች ይቀባል። ይህ ስታርች ከጨርቁ ሳይወጣ ቀለም ቢያርፍበት፣ ቀለሙ የሚይዘው ክሩን ሳይሆን ስታርቹን ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው እጥበት ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። መፈተኛው ቀላል ነው፤ አንድ ጠብታ ውኃ በጨርቁ ላይ ጣል ያድርጉ። ጠብታው ወዲያው ከሰረገ ጨርቁ ዝግጁ ነው፤ እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ከቆየ ግን በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ በደንብ መለቅለቅ አለበት። ጥጥ ሲታጠብ የሚሰበሰብ በመሆኑም፣ ሳይታጠብ የታተመ ጌጥ ከጨርቁ ጋር አብሮ ተኮማትሮ ይሰነጣጠቃል። ልብስ ማለስለሻ ፈሳሽ በዚህ እጥበት ላይ አይጨመርም።

የጨርቁን ዓይነት ሳይለዩ መጀመርም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በገበያ ላይ የሸማኔ እጅ የነካው ከሚመስለው ነጭ ልብስ መካከል ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ አለ። ከጠርዙ ሁለት ሦስት ክር መዝዘው በክብሪት ያቃጥሉት፤ ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ ዐመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ከሆነ ግን ቀልጦ ጠጣር ጓል ይተዋል። ፖሊስተር ለጥጥ የሚያስፈልገውን የካውያ ሙቀት አይችልምና ለጀማሪ ጥጥን እመክራለሁ።

ወደ ቀለሙ ስንመጣ ርካሽ የሆነውን የግድግዳ ቀለም መጠቀም የተለመደ ስህተት ነው። የግድግዳ ቀለም የተሠራው ለማይተጣጠፍ ነገር ስለሆነ ልብሱ በታጠፈ ቁጥር እየተሰነጠቀ ይራገፋል። የጨርቅ ቀለም ውስጥ ያለው ማጣበቂያ ግን ከክሩ ጋር አብሮ የሚተጣጠፍ ነው። በአነስተኛ ከረጢት የሚሸጠው የልብስ ማቅለሚያ ዱቄት ደግሞ ልብሱን በሙሉ ለመንከር የተዘጋጀ ነው፤ በውኃ በጥብጠው በማኅተም ቢያሳርፉት በክሩ እየተሳበ ይንሰራፋና የቅርጹን ጠርዝ ያጠፋዋል። የጨርቅ ቀለም ወፍሮ ሲያስቸግር ውኃ እየጨመሩ ማቅጠንም የማጣበቂያውን ኃይል ስለሚያዳክም ከጥቂት ጠብታዎች ማለፍ የለበትም። ለአንድ ሥራ የሚበቃውን ቀለም በአንድ ጊዜ መበጥበጥ ያስፈልጋል፤ በመሐል ያለቀን ቅልቅል ዳግመኛ በትክክል አስመስሎ ማግኘት እጅግ አዳጋች ነው።

ማኅተሙን ቀለም ውስጥ መንከር አይገባም። በስፖንጅ ስስ አድርጎ መቀባትና በመጀመሪያ በቁራጭ ጨርቅ ላይ መሞከር ይሻላል። ድንች ቀርጸው የሚያትሙ ሰዎች የድንቹ ውኃ ቀለሙን እንደሚያቀጥነው ይዘነጋሉና የተቆረጠውን ፊት ደጋግመው ያድርቁት። የደንገል ግንድ አግድም ሲቆረጥ ሦስት ማዕዘን ያለው ሆኖ ስለሚገኝ ለጠርዝ ጌጥ እጅግ የሚያምር የተፈጥሮ ማኅተም ነው፤ ሆኖም እርጥቡን ከሐይቁ ዳር እንደ ቆረጡ ቢጠቀሙበት ልክ እንደ ድንቹ ውኃ ይተፋል፤ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ ማቆየት ይበጃል። ከጨርቁ ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስ ሳያነጥፉ በባዶ ጠረጴዛ ላይ ማተም ቅርጹን ከፊል ያስቀረዋል፤ በቲሸርት ውስጥ ካርቶን አለማስገባት ደግሞ ቀለሙን ወደ ጀርባው ያሳልፈዋል።

ፊደል የሚቀርጽ ሰው ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ማኅተም ሁሉንም ነገር እንደ መስተዋት ገልብጦ ያሳያል፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ብዙ ጊዜ አንዱን ድምፅ ከሌላው የሚለየው በግራ ወይም በቀኝ እግሩ ርዝመት ነው። የ«ባ» ረጅም እግር በቀኝ ነው፣ የ«ቦ» በግራ፤ «ሳ» እና «ሶ»ም እንዲሁ ናቸው። እኔ በመጀመሪያ ጊዜ «ባሕር ዳር» የሚለውን በጎማ ላይ በቀጥታ ቀርጬ ለልጆች በተዘጋጁ ስድስት ቲሸርቶች ላይ ሳትመው፣ «ባ»ው «ቦ» ሆኖ፣ ቃሉም ከቀኝ ወደ ግራ ዞሮ ወጣ፤ ስድስቱም ሊለበሱ አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ ጽሑፉን በስስ ወረቀት ላይ በእርሳስ እጽፍና ወረቀቱን በፊቱ በኩል ጎማው ላይ ደፍቼ ከጀርባው አሸዋለሁ፤ እርሳሱ ተገልብጦ ስለሚያርፍ በእሱ ላይ መቅረጽ ብቻ ይቀራል።

የታተመውን ቅርጽ በብሩሽ የሚያቀልም ሰው የመጀመሪያው ቀለም ሳይደርቅ ሁለተኛውን መደረብ የለበትም፤ ከፈዛዛው ጀምሮ ወደ ደማቁ መሄድም ስህተትን ለማረም ዕድል ይሰጣል። በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጨርቅ ላይ ደግሞ ተራ የጨርቅ ቀለም ጠፍቶ ይቀራል፤ ለጥቁር ጨርቅ የተዘጋጀውን መግዛት ወይም ነጭ ቀለም መደባለቅ ግድ ነው። የነጠላን ጥለት ግን እባክዎ አይንኩት። ሸማኔው በክር የሠራው ጌጥ ላይ ቀለም መደረብ ሁለቱንም ያደበዝዛልና ማኅተሙ ከጥለቱ ቢያንስ አራት ጣት ይራቅ።

አሁን አብዛኛው ሥራ ወደሚጠፋበት ደረጃ ደርሰናል፤ ይኸውም ቀለሙን በሙቀት አለማጽናት ነው። ብዙ ሰው ቀለሙ ከደረቀ ያለቀ ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ ልብሱን በጨውና በኮምጣጤ ይዘፈዝፋል ወይም ይቀቅላል። ጨውና ኮምጣጤ በአንዳንድ የመንከሪያ ቀለሞች ላይ ሥራ አላቸው፣ ክሩ ላይ በማጣበቂያ የሚያዝ የጨርቅ ቀለምን ግን አያጸኑትም። መቀቀልም አይረዳም፤ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች እዚህ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን፣ አብዛኛው የጨርቅ ቀለም የሚፈልገው 150 ዲግሪ የሚጠጋ ደረቅ ሙቀት ነው። ስለዚህ ልብሱ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ፤ በክረምት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ሁለት ቀን መጠበቅ ይመከራል። ከዚያም በጀርባው በኩል ወይም ስስ ነጭ ጨርቅ ደርበውበት፣ ያለ እንፋሎት፣ የጥጥ መለኪያ ላይ ባደረጉት ካውያ እያንዳንዱን ስፍራ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ እያንቀሳቀሱ ይተኩሱ፤ በቀለሙ ዕቃ ላይ የተጻፈ ሌላ መመሪያ ካለ እሱ ይቅደም። ጋዜጣ መደረብ የጋዜጣውን ቀለም ወደ ልብሱ ያዛውራል። የከሰል ካውያ ሙቀቱ ከፍም ዝቅም ስለሚል፣ ዐመድም ስለሚያራግፍ፣ መብራት ከጠፋ እስኪመጣ መታገሥ ይሻላል።

ከተተኮሰ በኋላ ልብሱን ለሦስት ቀን ሳያጥቡ ያቆዩት። ሲያጥቡትም ገልብጠው፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ያለ በረኪና፤ በረኪና ጥሩ ሆኖ የጸናን ቀለም እንኳ ያነጣዋል። ብሩሽና ማኅተም የታጠበበትን ውኃ ወደ ጣና ወይም ወደ ዓባይ መድፋት ግን ከልብሱ ጉዳት የሚከፋ ጥፋት ነው፤ የጨርቅ ቀለም ማጣበቂያ ፕላስቲክ ነክ በመሆኑ ዓሣ ከሚራባበት ውኃ ውስጥ በቀላሉ በስብሶ አይጠፋም። የተረፈውን ቀለም ከማኅተሙ ላይ በአሮጌ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ያጠቡበትንም ውኃ በባልዲ አቆይተው ዝቃጩ ከሥር ሲቀር አድርቀው ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ያስወግዱት።