የኤሌክትሪክ ውሃ ፓምፕ የተገጠመላት ላዳ ለምን ታፈላለች? ችግርና መፍትሔ

አሮጌ ላዳ ላይ የኤሌክትሪክ ውሃ ፓምፕ የሚያስገጥም ሰው የሚፈልገው ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራም የማይዳከም የውሃ ዝውውር ነው። ነባሩ ፓምፕ ግን ውሃ ከመግፋት ሌላ የተሸከማቸው ሥራዎች ነበሩት፤ ከገጠማው በኋላ የሚታዩት ብልሽቶችም በአብዛኛው የሚመጡት እነዚህ ሥራዎች ተተኪ በማጣታቸው እንጂ አዲሱ ፓምፕ በመበላሸቱ አይደለም።

መንገድ ሲጨናነቅ ትግላለች፣ በፍጥነት ስትነዳ ትበርዳለች። በላዳ 2101 ሞዴል ላይ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ቬንቲሌተር የታሰረው በፓምፑ ፑሊ ላይ ስለሆነ፣ ፓምፑ ሲወጣ እሱም አብሮ ይወጣል። በራዲያተሩ ሙቀት የሚነሣ የኤሌክትሪክ ቬንቲሌተር መግጠም፣ አለዚያም የነባሩን ፓምፕ ውሃ ገፊ ክንፎች ብቻ ቆርጦ አካሉን፣ ዘንጉንና ፑሊውን በቦታቸው መተው ይቻላል። ሁለተኛው ቺንጊያውንም (ፑሊውን የሚያዞረውን ቀበቶ) ስለማያስቀይር እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

ሞተሩ ይፈላል፣ ራዲያተሩ ግን ቀዝቃዛ ነው። መጀመሪያ የሚጠረጠረው አየር ነው። ይህ ዓይነቱ ፓምፕ አየር መሳብ ስለማይችል ውስጡ ውሃ ከሌለ በባዶ ይሽከረከራል፤ ሴንሰሩም አየር ውስጥ ከቀረ ጌጁ ከእውነተኛው ሙቀት በታች ያሳያል። ስለዚህ ፓምፑ በራዲያተሩ ታችኛው ማኒኮቶ (የውሃ ጎማ) ላይ፣ ቀስቱ ወደ ሞተሩ እንዲያመለክት ሆኖ ዝቅ ብሎ ይገጠም። ከዚያ መኪናዋን አፍንጫዋ ወደ ዳገት እንዲሆን አቁሞ፣ የማሞቂያውን ቧንቧ ከፍቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሡ ፓምፑን ብቻ እያሠሩ ወደ 10 ሊትር የሚጠጋውን ውሃና ኩላንት ቀስ በቀስ መሙላት ነው፤ በቺንጊያ የሚዞረው ፓምፕ ይህን ዕድል አይሰጥም። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ አረፋው አልቆም ካለ ግን በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሎ ጋዝ እያሳለፈ ሊሆን ስለሚችል ቴስታታው ይመርመር።

አየሩ ወጥቶም ካልተስተካከለ ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈውን ቫልቭ፣ እንይ። የላዳ ቴርሞስታት ከሞተሩ ውጭ፣ በሦስት ማኒኮቶዎች መካከል ይቀመጣል። እሱ ወጥቶ ከቴስታታው የሚመጣው አቋራጭ መስመር ክፍት ከቀረ፣ የጋለው ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፤ አቋራጩ መደፈን አለበት። ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል እኛ ዘንድ የተለመደ ቢሆንም፣ የፓምፑን ፍጥነት እንደ ሙቀቱ የሚያስተካክል መቆጣጠሪያ ሳይገጠም ከተደረገ ተቃራኒውን ችግር ያመጣል፤ ሞተሩ ሳይሞቅ እየሠራ ነዳጅ ይፈጃል።

ጌጁ ከ100 በታች እያሳየ ታፈላለች። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ይህን ጣሪያ ከፍ የሚያደርገው ግፊት የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ነው። ጎማው የደረቀ ክዳን ይቀየር፤ ሞተሩ ሳይበርድ ግን ፈጽሞ አይከፈት።

መብራት ሲበራ ፓምፑ ይዳከማል። በደቂቃ 80 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ 7 ወይም 8 አምፔር ይወስዳል፤ የቀድሞው የላዳ ዲናሞ በሙሉ ኃይሉ 42 አምፔር ብቻ ሲሰጥ በሚኒሞ ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ፓምፑ እየሠራ በሁለቱ ጫፎቹና በባትሪው ላይ ቮልቴጁን ለኩ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ጥፋቱ የቀጭን ሽቦ ወይም የዛገ ማሳ (ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘው የኔጌቲቭ መስመር) ነው፤ ከባትሪው በፊውዝና በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ) የሚያልፍ ወፍራም ሽቦ ይዘርጋ። ልዩነቱ ትንሽ ሆኖ የባትሪው ቮልቴጅ ራሱ ከ13 በታች ከወረደ ግን የሚያንሰው ዲናሞው ነው።

ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ታፈላለች። የቴስታታው ሙቀት በቆመው ውሃ ላይ ስለሚራገፍ ነው። ሪሌው ቁልፉ ከተዘጋ በኋላ ፓምፑንና ቬንቲሌተሩን ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ እንዲያሠራ ሆኖ ይታሰር።