ቅዳው ነው ወይስ መልሱ? የታካሚን እግር ማየት ለሚማሩ የነርሲንግ ተማሪዎች

የነርሲንግ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ሜዲካል ዋርድ፣ የሌሊት ዲዩቲ። መስኮቱ ጥግ ያለው አልጋ ላይ ስኳር ያለባቸው አንድ አባት ተኝተዋል። ቀኝ አውራ ጣታቸው ጫፍ ላይ ትንሽ፣ ክብ፣ ደረቅ ቁስል አለ። ስዞር እግራቸው ከአልጋው ወርዶ ተንጠልጥሏል። «አባባ፣ እንዲህ ካደረጉት ያብጥብዎታል» አልኳቸውና አንስቼ ሁለት ትራስ ላይ አስቀመጥኩት። ዝም አሉኝ። ጥቂት ቆይተው ማቃሰት ጀመሩ። ስመለስ እግሩ እንደገና ወርዷል። እንደገና አነሳሁት።

ለሦስተኛ ጊዜ ሳነሳው ተረኛዋ ሲስተር አየችኝ። ምንም ሳትናገር ትራሶቹን አወጣችና እግራቸውን ቀስ አድርጋ ወደ ታች አወረደችው። ማቃሰታቸው ጋብ አለ። «እግራቸው ደም ጠምቶት ነው የሚያወርዱት» አለችኝ። «አንቺ ደግሞ ሽቅብ ሰቀልሽባቸው።»

የሚገርመው፣ ፈተናው ላይ ጥሩ ነበር ያመጣሁት። የደም ቅዳ በሽታ ከሆነ እግር ዝቅ፣ የደም መልስ ከሆነ ከፍ የሚለውን በቃሌ እወጣው ነበር። አልጋው ላይ ያለው እግር የትኛው እንደሆነ ግን አላወቅሁም። እናንተ እንደኔ ሰው አሳምማችሁ እንዳትማሩት ነው ይህን የምጽፈው።

ከስሙ ጀምሩ። አርተሪና ቬይን የሚሉት ቃላት ለእኛ ጆሮ ምንም አይነግሩም። የአማርኛው ስም ግን ሥራውን ይናገራል። ደም ቅዳ ከልብ ቀድቶ ያደርሳል። ደም መልስ ደሙን ወደ ልብ ይመልሳል። የምታጠኑት ምልክት ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ግሶች ይወጣል።

ደም ቅዳው ውስጡ በስብ ክምችት ሲጠብ ወደ እግር የሚደርሰው ደም ያንሳል። ሲጋራ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ዕድሜ ዋናዎቹ አባባሾች ናቸው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የኖረ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የውሃው ግፊት ሲደክም ላይ አይደርስም። ጄሪካን ይዞ ወደ ምድር መውረድ ነው። አባባም እግራቸውን ሲያወርዱ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ደም ያነሰው እግር ይቀዘቅዛል። ፀጉሩ ይረግፋል፣ ቆዳው ሳስቶ ያብለጨልጫል፣ ጥፍሩ ይወፍራል። ቁስሉ የሚወጣው ጣት ጫፍ ላይ ወይም ጫማ የሚጫነው ቦታ ላይ ነው። ጠርዙ በመብሻ የተበሳ ይመስላል። ፈሳሹ ትንሽ፣ ሕመሙ ብዙ ነው። ስኳር ነርቩን የጎዳው ሰው ግን ላይሰማው ስለሚችል «አያመኝም» ቢላችሁ አትዘናጉ።

ደም መልሱ ላይ ያለው ችግር የፍሳሹ ነው። ደም ወደ ላይ የሚወጣው የባት ጡንቻ እየጨመቀ ሲገፋው ነው። ትንንሽ ቫልቮች ደግሞ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይይዙታል። ቫልቮቹ ሲላሉ ደሙ ታች ይጠራቀማል። እግር ያብጣል፣ ይከብዳል። ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት በላይ ያለው ቆዳ ይጠቁራል፤ ከደም ስር ሾልከው የፈረሱ ቀይ የደም ሴሎች ብረታቸውን እዚያ ስለሚተዉ ነው። ቁስሉም እዚያው አካባቢ ይወጣል። ሰፋ ያለ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ጠርዙ የተዛባ፣ ፋሻውን የሚያረጥብ ቁስል ነው። ይህኛው እግር ከፍ ሲል ይቀለዋል።

አሁን የመጽሐፋችሁን ሰንጠረዥ በወረቀት ሸፍኑት። እያንዳንዱን መስመር «ደም ካልደረሰስ? ደም ካልተመለሰስ?» እያላችሁ ራሳችሁ ጻፉት። አንዴ በራሳችሁ ከደረሳችሁበት ፈተና ላይም አልጋ አጠገብም አይጠፋችሁም።

ቀጥሎ ጆሯችሁን አሠልጥኑ። ታካሚ የመጽሐፉን ቃል አይነግራችሁም። ደም ቅዳው የጠበበበት ሰው «ስሄድ ባቴን ጨምድዶ ይይዘኛል፣ ቆም ስል ይለቀኛል» ይላል። እኔ «ከታክሲ ወርደው ቤትዎ እስኪደርሱ ስንት ጊዜ ይቆማሉ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ባለፈው ወር አንዴ ቆሞ አሁን አራቴ የሚቆም ከሆነ በሽታው እየገፋ ነው። ተኝቶም ማታ ማታ የሚያመው ከሆነ ደግሞ በጣም ገፍቷል። የደም መልስ ታካሚ ሌላ ነው። «ጠዋት ደህና ነኝ፣ ሲመሽ ጫማዬ ይጠበኛል» ይላል። ሥራውን ጠይቁ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል ሰው፣ ፀጉር ሠሪ፣ ትራፊክ ፖሊስ፣ እንጀራ ጋጋሪ፣ ብዙ ጊዜ ይህን ይነግራችኋል።

ከዚያ እጅ። ሁለቱንም ካልሲ አስወልቁ። ሁለቱንም! የታመመውን ብቻ ያየ ሰው የሚያወዳድረው የለውም። በእጃችሁ ጀርባ ከጉልበት ወደ ታች እየዳሰሳችሁ ውረዱ፤ ቅዝቃዜው የት እንደሚጀምር ይታወቃችኋል። ፐልስ፣ ማለትም የደም ቅዳውን ትርታ፣ ለመፈለግ መጀመሪያ የራሳችሁ እግር ላይ ተለማመዱ። አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ ሳቡት፤ የእግራችሁ ጀርባ ላይ አንድ ጅማት ይወጣል። ከጅማቱ አጠገብ፣ ወደ ትንሿ ጣት በኩል፣ ሁለት ጣታችሁን ቀለል አድርጋችሁ አሳርፉ። ሌላው ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ ዝቅ ብሎ ነው። በእጃችሁ አውራ ጣት አትዳስሱ፤ የራሳችሁን ፐልስ ትቆጥራላችሁ። አጥብቃችሁም አትጫኑ፤ ደካማውን ፐልስ ራሳችሁ ታጠፉታላችሁ። እኔ ዶርም ውስጥ የጓደኞቼን እግር ሁሉ ዳስሼ ነው የለመድኩት። ጤነኛ ሆነውም የእግር ጀርባው ፐልስ የማይገኝባቸው ሰዎች እንዳሉ ያወቅሁትም እዚያው ነው። እሱን ስታጡ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ሂዱ።

አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ብዙ መጽሐፎቻችን ላይ ያለው ፎቶ የነጭ ሰው እግር ነው። «ገረጣ»፣ «ቀላ» የሚለው የእኛ ቆዳ ላይ እንደዚያ አይታይም። መገርጣትን ውስጥ እግርና የጥፍር ሥር ላይ ፈልጉ። የቀላ የሚባለው ቆዳ እኛ ላይ ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ ሊመስል ይችላል። ዓይናችሁ ሲጠራጠር ሙቀቱንና ሌላኛውን እግር እመኑ።

ቁጥሩም ያስፈልጋችኋል። የቁርጭምጭሚቱን ላይኛውን የደም ግፊት ለክንዱ ላይኛው ግፊት ታካፍላላችሁ፤ ኤቢአይ ይባላል። ከሁለቱ ክንዶች ከፍ ያለውን፣ ከእግሩም ሁለት የፐልስ ቦታዎች ከፍ ያለውን ውሰዱ። ክንዱ 150፣ ቁርጭምጭሚቱ 90 ከሆነ 0.6 ነው። ከ1.0 እስከ 1.4 ጤነኛ ነው። 0.9 እና ከዚያ በታች የደም ቅዳ በሽታ ነው። ከ1.4 በላይ ሲሆን «እሰይ» አትበሉ፤ ደም ስሩ ደድሮ አልጨመቅ ብሎ ነው፣ ስኳርና ኩላሊት ያለባቸው ላይ ይታያል።

ይህ ቁጥር ለምን እንደሚጠቅም ልንገራችሁ። የደም መልስ ቁስል ዋናው ሕክምናው ጠበቅ ያለ ፋሻ ወይም ስቶኪንግ ነው። ያንኑ ፋሻ ደም ቅዳው ክፉኛ የጠበበበት እግር ላይ ብታስሩ የቀረችውን ደም ትዘጋላችሁ። ሰው እግሩን ሊያጣ ይችላል። ሁለቱም በሽታ አንድ እግር ላይ አብረው ሊመጡ ይችላሉ፣ ስለዚህ ያበጠ እግር ሁሉ አይጠፈርም። መጀመሪያ ፐልስ፣ ከዚያ ኤቢአይ፣ ከዚያ ሐኪሙ ያዘዘው ፋሻ።

በአገራችን ደግሞ ያበጠ እግር ሁሉ የደም መልስ አይደለም። በደጋማው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ገበሬ ሁለቱም እግሩ ከታች ጀምሮ ካበጠ ዝሆኔን አስቡ። የፈረንጅ መጽሐፍ ላይ ብዙ ቦታ አታገኙትም።

ሁለት ነገር ሲገጥማችሁ ሩጡ። አንዱ እግር በድንገት አብጦ ከሞቀና ካመመ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ባት በሜትር ለኩ፤ ከጉልበት በታች እኩል ርቀት ላይ። የ3 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ትልቅ ነገር ነው። አትሹት፣ ቤተሰብም ወጌሻ ጋ ወስዶ እንዳያሳሽ ንገሩ፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ሊዘጋ ይችላል። ሁለተኛው፣ እግር በድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ፣ ፐልሱ ከጠፋ፣ ከደነዘዘና አልንቀሳቀስ ካለ ደም ቅዳው ተዘግቷል። የሚቆጠረው በሰዓት ነው። ጠዋት ራውንድ ላይ የሚነገር ጉዳይ አይደለም፤ ሐኪሙን ከእንቅልፉ ቀስቅሱት።

ታካሚዎቹ ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት ስለ ከሰል ምድጃ አንሱ። እግሩ የቀዘቀዘበት ሰው ምድጃ አጠገብ ዘርግቶ ይሞቃል፣ ስሜቱ ደንዝዞ ሲቃጠል አይታወቀውም። ወፍራም ካልሲ ይበቃል። ሲጋራ ካለ፣ ምንም ሌላ ነገር ማድረግ ባይችሉ እንኳ እሱን እንዲያቆሙ ለምኑ።

ቻርት ላይ «ፐልስ ኖርማል» ብላችሁ አትለፉ። የትኛው እግር፣ የትኛው ቦታ፣ ጠንካራ ነው፣ ደካማ ነው ወይስ የለም፣ በስንት ሰዓት። ከእናንተ የሚረከበው ነርስ የሚያወዳድረው ከዚያ ጋር ነው። ያገኛችሁትንም ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት።

ያን ሌሊት ሲስተር የራሷን እስክሪብቶ ሰጠችኝ። የአባባ ግራ እግር ላይ ቶሎ አገኘሁት፣ ትንሽ ኤክስ አደረግሁበት። ቀኙ ላይ ብዙ ፈለግሁ። የእግሩ ጀርባ ላይ የለም። ከቁርጭምጭሚቱ ኋላ ቀጭን ነገር ጣቴን መታ፣ ጠፋ፣ ደግሞ መታ። «አገኘሽው ልጄ?» አሉኝ አባባ። እዚያም ላይ ኤክስ አደረግሁ።