ሐይቅ ዳር የእረፍት ጎጆ ስትሠሩ ከሽንት ቤቱ ጀምሩ

ቢሾፍቱ ውስጥ የእረፍት ጎጆዎች ሳሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚያሳየኝ የበረንዳውን ሥዕል ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቀው የሽንት ቤቱ ፍሳሽ የት እንደሚገባ ነው።

ባቦጋያና ሆራ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠሩ ሐይቆች ናቸው። ከእነሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች እንጂ ቆሻሻውን አትወስድም።

ስለዚህ ፕላን ከመሣላችሁ በፊት መሬቱን ሞክሩት። ፍሳሹ ይገባበታል ባላችሁት ቦታ አንድ ክንድ ያህል ቆፍሩ። ውሃ ሞልታችሁ አስርጉት። እንደገና ሙሉና ሰዓት ያዙ። አንድ ጊዜ ሬድ አሽ፣ ማለት ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ላይ ሁለት ባልዲ ውሃ ገለበጥን። ልጁ ባልዲውን መሬት ሳያስቀምጥ ውሃው የለም። ባለቤቱ «ጎሽ፣ ውሃውን ቶሎ ይመጥጣል!» ብለው ደስ አላቸው። እኔ ደነገጥኩ። ሐይቁ ከታች ስድሳ እርምጃ ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ መሬት ቶሎ ያሳልፋል እንጂ አያጣራም። እዚያ ላይ የማስረጊያ ጉድጓድ አይቆፈርም።

እኔ የምመርጠው ደረቅ ሽንት ቤት ነው። ከመሬት በላይ፣ ወለሉ ኮንክሪት የሆነ፣ ሁለት ክፍል ያለው። ከተጠቀሙ በኋላ አመድና ሰጋቱራ ይነሰነሳል። አንዱ ሲሞላ ይዘጋና ሙሉ ዓመት ይቀመጣል፤ ሌላው ይሠራል። እንግዳ ይሸታል ብሎ ይሰጋል። አመዱ ካልተቋረጠና የአየር ማውጫው ቱቦ ከጣሪያው በላይ ከወጣ ችግር የለውም። የቱቦውን አፍ በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት፣ ለዝንብ።

የሻወሩን ውሃ ለብቻው አውጡት። ከሐይቁ ርቃችሁ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ጥቁር አፈርና ደረቅ ቅጠል ሙሉበት፣ ዙሪያውን ሙዝ ትከሉ። ሙዝ ውሃ አይጠግብም።

ለስምንት ጎጆ ስምንት የመኪና መንገድ ምን ያደርጋል? መኪናው የግቢው በር ላይ ይቁም። ግራሮቹን ቀድማችሁ በኖራ ምልክት አድርጉና ጎጆዎቹን በመሃላቸው አስገቡ። ዳርቻውን ለሣሩ ተዉት፤ ማዳበሪያ የሚፈልግ መናፈሻ አታድርጉት፣ ዝናብ ሲጥል ማዳበሪያው ሐይቅ ይገባል። የአካባቢው ሰው ወደ ውሃው የሚወርድበትን መንገድም በአጥር አትዝጉበት። ከእናንተ በፊት የነበረ መንገድ ነው።

ግድግዳው የጤፍ ጭድ የገባበት፣ በደንብ የቦካ ጭቃ ቢሆን ደስ ይለኛል። ከሥሩ እስከ ጉልበት ድንጋይ፣ ከላይ አንድ ሜትር የወጣ ጣሪያ። መስኮቶቹ ወደ ሰሜንና ደቡብ ይሁኑ፤ የምዕራቡን ግድግዳ ድፍን አድርጉት፣ የከሰዓቱ ፀሐይ ከባድ ነው።

አሸንዳ አትርሱ። 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1,200 ሊትር ውሃ ነው። ጥቂቱ ቢባክን እንኳ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ይሞላል። ከበጋ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ይወርዳል። ያን ቀን ቱቦውን ከሮቶው ነቅላችሁ ወደ ሙዙ አዙሩት።