ዘመም ያለ ፎቶ በጂምፕ እንዴት ይቃናል

90 ዲግሪ ማዞርማ ስልኩም ያዞረዋል፣ የሚያስቸግረው ትንሽ ብቻ ዘመም ያለው ነው፣ የሐዋሳ ሐይቅን አንስታችሁ ውሃው ወደ አንድ ጎን ሊፈስ ሲመስል ማለቴ ነው። እኔ ጂምፕ በሚባል የኮምፒውተር ፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው የምሰራው፣ ነፃ ነው፣ ክራክ እየፈለጉ ቫይረስ ከማውረድ በጣም ይሻላል።

ፎቶውን ክፈቱና ሺፍትና አርን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ከዛ ፎቶው ላይ ክሊክ ስታደርጉ ትንሽ ሳጥን ትመጣለች፣ አንግል የሚለው ጋር የፈለጋችሁትን ቁጥር መጻፍ ነው፣ 3.5ም ይቀበላል፣ ወደማትፈልጉት ጎን ከዞረ ቁጥሩ ፊት ማይነስ አድርጉበት፣ ከዛ ሮቴት የሚለውን መጫን ነው፣ በቃ።

ግን ቁጥሩን በግምት አትፈልጉ ባይ ነኝ። ሜዠር የሚባለውን ቱል አውጡ፣ ቀጥ ማለት አለበት በምትሉት መስመር ላይ ከጫፍ ጫፍ ጎትቱት፣ ከዛ የቱሉ ኦፕሽን ውስጥ ስትሬትን የሚለውን ስትጫኑ አንግሉን ራሱ አስልቶ ያቃናዋል። ዋናው ነገር መስመሩን መምረጡ ላይ ነው፣ ብዙ ሰው የሐይቁን ዳርቻ ይይዛል ግን ዳርቻው ወደ እናንተ እየቀረበ የሚመጣ ከሆነ በእውነትም ሰያፍ ሆኖ ነው የሚታየው፣ በሱ ካቃናችሁ ፎቶውን ጭራሽ ታጣምሙታላችሁ፣ እንደዛ ሲሆን መሃል አካባቢ ያለ ፖል ወይ የህንፃ ጠርዝ ያዙ፣ መሃል ያልኩት ስልኩን ወደ ላይ ቀና አድርጋችሁ ካነሳችሁ ዳር ዳር ያሉት ህንፃዎች ወደ ውስጥ ስለሚያጋድሉ ነው።

ሲዞር ማዕዘኖቹ ላይ ባዶ ቦታ ይቀራል፣ ከማዞራችሁ በፊት የቱሉ ኦፕሽን ውስጥ ክሊፒንግ የሚለውን ክሮፕ ዊዝ አስፔክት አድርጉትና ካዞራችሁ በኋላ ከኢሜጅ ሜኑ ፊት ካንቫስ ቱ ሌየርስ በሉት፣ የፎቶው ቅርፅ ሳይቀየር ባዶው ይቆረጣል፣ ግን ከዳር የቆመ ሰውም አብሮ ሊቆረጥ ይችላል፣ የሰርግ ግሩፕ ፎቶ ከሆነ ይሄን በደንብ እዩ፣ ስታነሱም ዳሩን ሰፋ አድርጉ።

ደሞ 2 ዲግሪ አዙሮ ትንሽ ቀረው ብሎ እንደገና 1 መጨመር ጥሩ አይደለም፣ በዞረ ቁጥር ፒክስሎቹ እንደ አዲስ ስለሚሰሉ ፎቶው እየደበዘዘ ይሄዳል፣ ኮንትሮል ዜድ ብላችሁ ወደ መጀመሪያው ተመለሱና 3ን አንዴ ስጡት።

ፎቶሾፕ ያላችሁም አካሄዱ ያው ነው፣ ሩለር ቱልን ጎትቶ ስትሬትን ሌየር ማለት ነው።

ስትጨርሱ ሴቭ ሳይሆን ኤክስፖርት በሉት፣ ሴቭ የጂምፕን የራሱን ፋይል ነው የሚያወጣው፣ ስሙንም ቀይሩት ኦሪጅናሉ እንዳይጠፋባችሁ።