የደሴ መናፈሻ ላይ ችግኝ ለምትተክሉ በጎ ፈቃደኞች

ጉድጓዱን በግንቦት ቆፍሩ፤ ተከላው ግን አፈሩ በደንብ እስኪርስ፣ እስከ ሐምሌ ይቆይ። ስፋቱም ጥልቀቱም 40 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የላዩን ለም አፈር ለብቻ አስቀምጡ፤ ሥሩ ዙሪያ የሚመለሰው እሱ ነው።

ብዙ ችግኝ የሚጠፋው በላስቲኩ ምክንያት ነው። ከነላስቲኩ የተቀበረ ሥር መውጫ አጥቶ ይጠማዘዛል። ላስቲኩን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ቅደዱ፣ ከሥሩ የተጠቀለለውን ቁረጡ፣ አፈሩ እንዳይበተን በሁለት እጃችሁ ደግፋችሁ አስገቡ። የግንዱ አንገት፣ ግንዱ ከሥሩ የሚገናኝበት ቦታ፣ ከመሬቱ እኩል ይሁን፤ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ከዚያ ዙሪያውን በእግር ጠቅጠቅ አድርጉ፤ ክፍተት ከቀረ ሥሩ ይደርቃል።

እንደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ባለ ተዳፋት ከችግኙ ቁልቁል በኩል በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የአፈር ክትር ሥሩ፤ የሚወርደውን ውሃ ይይዝላችኋል። ለደጋው ወይራ፣ ጽድና ኮሶ ይስማማሉ። ባሕር ዛፍ ምንጭ አጠገብ በፍጹም አይተከል።

ከመስከረም በኋላ ያለው ሥራ ከተከላው ይበልጣል፤ ቡድኑ የሚበተነውም ያኔ ነውና ተረኞችን አስቀድማችሁ መድቡ። በበጋ ለአንድ ችግኝ በሳምንት ግማሽ ጀሪካን፣ 10 ሊትር ያህል፣ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ አጠጡ። መሬቱን በደረቅ ሣር ሸፍኑ፤ ሣሩ ግን ግንዱን አይንካ። ፍየል እንዳይደርስበትም በእሾህ እጠሩት።